ከዋክብት መጠናቸውን ከየት አገኙ? የስበትና የግፊት ትንቅንቅ

በጥርና በየካቲት ወራት፣ በአፍሪካ ቀንድም ሆነ በምሥራቅ አፍሪካ፣ ምሽት ላይ ወደ ጠራ ሰማይ ቀና የሚል ሰው ሁለት ደማቅ ከዋክብትን ሳይቸገር ያገኛል። አንደኛው ኦሪዮን በሚባለው የከዋክብት ስብስብ ውስጥ ያለው፣ መልኩ ቀላ የሚለው ቤተልጌዝ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ከሌሊቱ ሰማይ ከዋክብት ሁሉ በድምቀት ቀዳሚ የሆነው ሲሪየስ ነው።

ለዓይን ሁለቱም የብርሃን ነጥቦች ናቸው። ይሁን እንጂ ቤተልጌዝ በፀሐይ ቦታ ቢቀመጥ ሜርኩሪን፣ ቬነስን፣ ምድርንና ማርስን በሆዱ ውስጥ ያስቀራቸው ነበር። በአንጻሩ ሲሪየስ ያለ ቴሌስኮፕ የማይታይ ተጓዳኝ ኮከብ አለው። ይህ ተጓዳኝ የፀሐይን ያህል ቁስ ቢይዝም መጠኑ ከምድር አይበልጥም።

አንዱን ኮከብ ያን ያህል አግዝፎ ሌላውን ይህን ያህል ያሳነሰው ምንድን ነው? መልሱ የያዙት ቁስ ብዛት ብቻ አይደለም። የእያንዳንዱ ኮከብ መጠን የሁለት ኃይሎች ስምምነት ውጤት ነው፤ ወደ ውስጥ የሚጎትተው ስበትና ወደ ውጭ የሚገፋው ግፊት። ስበት ምንጊዜም ያው ነው፤ አይደክምም፣ ነዳጅም አይፈልግም። ግፊት ግን ምንጩ ይለዋወጣል፤ አንዳንዴም ይነጥፋል። የከዋክብት ታሪክ፣ የፀሐይም የወደፊት ዕጣ፣ በዚህ ልዩነት ላይ የተመሠረተ ነው።

የጆንያ ክምር

በአንድ መጋዘን ውስጥ አሥር የእህል ጆንያዎች ተደራርበው ተቀምጠዋል እንበል። የላይኛው ጆንያ የሚሸከመው ነገር የለም። የታችኛው ግን የዘጠኙን ሸክም ችሎ መቆም አለበት። ኮከብም እንዲሁ ነው። ከጋዝ የተሠራ ቢሆንም እያንዳንዱ የጋዝ ንጣፍ ከበላዩ ያለውን ሁሉ ይሸከማል፤ ወደ እምብርቱ በተጠጋን ቁጥርም ሸክሙ ይበረታል።

ይህን ሸክም የሚችለው የጋዙ ግፊት ነው። ግፊት ማለት እጅግ ብዙ የሆኑ ቅንጣቶች በታላቅ ፍጥነት እየተወረወሩ እርስ በርስ ሲላተሙ የሚፈጥሩት ኃይል ነው። በፓምፕ የተነፋ የብስክሌት ጎማ የጋላቢውን ክብደት የሚችለው በውስጡ የታመቀው አየር በዚሁ መንገድ ስለሚገፋ ነው። ጋዙ በጋለና በታመቀ መጠን ግፊቱ ያይላል።

በኮከብ ውስጥ በየትኛውም ጥልቀት ወደ ውስጥ የሚጎትተውና ወደ ውጭ የሚገፋው ኃይል እኩል ሲሆኑ ኮከቡ አይሰፋም፣ አይኮማተርምም። ሳይንቲስቶች ይህን ሁኔታ የሃይድሮስታቲክ ሚዛን ይሉታል። የኮከቡ መጠን ይህ ሚዛን የሚጸናበት ልክ ነው።

የፀሐይን አኃዞች መመልከት የትግሉን ብርታት ያሳያል። ፀሐይ ከዳር እስከ ዳር 1.39 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ ትሰፋለች፤ ይህም የምድር 109 እጥፍ ነው። የያዘችው ቁስ የምድርን 333 ሺህ ጊዜ ያህላል። በእምብርቷ ያለው ግፊት በባሕር ጠለል ላይ ከሚገኘው የአየር ግፊት 250 ቢሊዮን እጥፍ ገደማ ይደርሳል። በዚያ ስፍራ የሙቀቱ መጠን 15 ሚሊዮን ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሆን፣ ጋዙም ከውኃ 150 ጊዜ ያህል የታመቀ ነው።

ይህ ግፊት በድንገት ቢጠፋ ፀሐይ በግማሽ ሰዓት ገደማ ውስጥ ወደ ራሷ ተደርምሳ ታልቅ ነበር። ስበቱ ቢጠፋ ደግሞ እንደ ጭስ በተበተነች ነበር። ከሁለቱ አንዱም ሳይሆን 4.6 ቢሊዮን ዓመታት መቆየቷ የሚዛኑን ጽናት ይመሰክራል።

እሳቱ ከየት ይመጣል?

ግፊቱ እንዲጸና ሙቀት ያስፈልጋል። ፀሐይ ግን ሙቀቷን ያለ ፋታ ወደ ሕዋ ትለቃለች። የጎደለውን የሚተካው ምንድን ነው? ይህ ጥያቄ የ19ኛውን ክፍለ ዘመን ሊቃውንት አስጨንቋል። ፀሐይ የድንጋይ ከሰል ክምር ብትሆን ኖሮ በጥቂት ሺህ ዓመታት ውስጥ ነድዳ ባለቀች ነበር።

ጀርመናዊው ኸርማን ፎን ኸልምሆልዝ እአአ በ1854 አንድ መልስ አቀረበ፤ ብሪታኒያዊው ሎርድ ኬልቪንም ሐሳቡን አዳበረው። እንደ እነርሱ አባባል የፀሐይ ሙቀት ምንጭ ራሱ ስበት ነው። ፀሐይ በዓመት በጥቂት አሥር ሜትሮች ብቻ ብትኮማተር የሚወድቀው ጋዝ የሚሰጠው ኃይል ለብርሃኗ ይበቃል። ሐሳቡ በስሌት ረገድ እንከን አልነበረውም። ችግሩ በዚህ መንገድ ፀሐይ ልታበራ የምትችለው ለጥቂት አሥር ሚሊዮን ዓመታት ብቻ መሆኑ ነበር። የምድርን አለቶች የሚያጠኑ ሰዎችና የዝግመተ ለውጥ ሐሳብ አራማጁ ቻርለስ ዳርዊን ግን ከዚያ እጅግ የሚረዝም ዕድሜ ይፈልጉ ነበር።

ቁልፉ የተገኘው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው። እንግሊዛዊው የከዋክብት ሊቅ አርተር ኤዲንግተን እአአ በ1920 የሃይድሮጅን አስኳሎች ተዋሕደው ሂሊየም ሲሆኑ የሚጎድለው ጥቂት ቁስ ወደ ኃይል እንደሚለወጥ፣ የከዋክብትም እሳት ይኸው ሊሆን እንደሚችል ሐሳብ አቀረበ። እአአ በ1925 ደግሞ ሲሲሊያ ፔይን የተባለች ወጣት ተመራማሪ ከዋክብት በአብዛኛው የተሠሩት ከሃይድሮጅንና ከሂሊየም መሆኑን በሃርቫርድ ባቀረበችው የመመረቂያ ጽሑፍ አሳየች። በወቅቱ ከዋክብት እንደ ምድር ካሉ ንጥረ ነገሮች የተሠሩ ናቸው ተብሎ ይታመን ስለነበር ግኝቷ ተቀባይነት ለማግኘት ዓመታት ወሰደበት። እአአ በ1939 ሃንስ ቤተ የውሕደቱን ሂደት ደረጃ በደረጃ አብራራ፤ በ1967ም የኖቤል ሽልማት ተቀበለበት።

ዛሬ እንደሚታወቀው ፀሐይ በየሰከንዱ 600 ሚሊዮን ቶን ገደማ ሃይድሮጅን ወደ ሂሊየም ትለውጣለች። ከዚህ ውስጥ አራት ሚሊዮን ቶን የሚያህለው ቁስ ወደ ኃይል ይለወጣል።

አኃዙ ቢያስደንቅም ሂደቱ በራሱ እጅግ ዝግተኛ ነው። በፀሐይ እምብርት ውስጥ አንድ ሜትር ኩብ የሚሆነው ጋዝ የሚያመነጨው ኃይል በመቶዎች የሚቆጠር ዋት ብቻ ነው። ይህ በአንድ ቤት ውስጥ የሚበሩ ጥቂት የድሮ አምፖሎች የሚፈጁትን ያህል ነው። ፀሐይ ያን ያህል የምታበራው እሳቷ ኃይለኛ ስለሆነ ሳይሆን ግዝፈቷ ወደር ስለሌለው ነው። ሳትነጥፍ የቆየችበትም ምክንያት ይኸው ዝግታ ነው።

ራሱን የሚቆጣጠር ምድጃ

ኑክሌራዊ ውሕደት ሲነሳ ብዙዎች የሚያስቡት የሃይድሮጅን ቦምብን ነው። ታዲያ ፀሐይ ለምን አትፈነዳም?

ምክንያቱ ስበትና ግፊት አንዱ የሌላውን ስሕተት የሚያርሙ መሆናቸው ነው። በእምብርቱ ውስጥ ውሕደቱ በጥቂቱ ቢፋጠን ሙቀቱ ግፊቱን ይጨምራል፤ ግፊቱ እምብርቱን ያሰፋዋል። የሰፋ ጋዝ ደግሞ ይቀዘቅዛል፤ በዚህም ውሕደቱ ወደ ቀድሞ ልኩ ይመለሳል። በተቃራኒው ውሕደቱ ቢቀንስ ስበት እምብርቱን ያምቀዋል፣ የታመቀው ጋዝ ይግላል፣ እሳቱም ዳግም ይበረታል። የኤሌክትሪክ ካውያ ሲግል ራሱን አጥፍቶ ሲበርድ መልሶ እንደሚበራው ሁሉ ኮከብም የራሱን ሙቀት ይቆጣጠራል።

ከዚህ አንድ እንግዳ ነገር ይከተላል። ከእሳት የወጣ ብረት ሙቀቱን ሲያጣ ይቀዘቅዛል። ኮከብ ግን ነዳጅ አጥቶ ሙቀት ብቻ ሲያወጣ ይኮማተራል፤ በመኮማተሩም እምብርቱ ይበልጥ ይግላል። ስበት ለኮከብ ሸክም ብቻ ሳይሆን የመጨረሻ የሙቀት ምንጭም ነው። የከዋክብት እርጅና እንቆቅልሽ የሚፈታው በዚህ ነው።

የከበደ ሁሉ አይገዝፍም

አንድ የጋዝ ደመና ወደ ራሱ ሲወድቅ ኮከብ ለመሆን ቢያንስ የፀሐይን ቁስ 8 በመቶ ያህል ሊይዝ ይገባል፤ ይህም የጁፒተር 80 እጥፍ ገደማ ነው። ከዚህ በታች ከሆነ እምብርቱ ሃይድሮጅንን በዘላቂነት ለማዋሐድ የሚበቃ ሙቀት ላይ ሳይደርስ ይቀራል። እንዲህ ያሉት አካላት ቡናማ ድንኮች ይባላሉ።

ከዚህ ወለል በጥቂቱ ከፍ የሚለው ፕሮክሲማ ሴንታውሪ ከፀሐይ ቀጥሎ ለምድር ቅርቡ ኮከብ ነው፤ ርቀቱ 4.2 የብርሃን ዓመት ነው። የያዘው ቁስ የፀሐይን 12 በመቶ ያህል ሲሆን፣ ስፋቱ የጁፒተር አንድ ጊዜ ተኩል ብቻ ነው። ነዳጁን እየቆጠበ ስለሚጠቀም ዕድሜው በትሪሊዮን ዓመታት ይገመታል።

በሌላኛው ጫፍ ደግሞ አዲስ ዓይነት ግፊት ይመጣል። እጅግ ከባድ በሆኑ ከዋክብት ውስጥ ጋዙ ብቻ ሳይሆን ብርሃኑ ራሱ ይገፋል። የብርሃን ጨረር በእያንዳንዱ ቅንጣት ላይ የሚያሳርፈው ግፊት ለዓይን ባይታይም በከባድ ኮከብ ውስጥ ተደምሮ ከስበት ጋር ሊስተካከል ይደርሳል። ከዚያ ካለፈ የኮከቡ ውጫዊ ክፍል በነፋስ መልክ ተገፍቶ ይበተናል። ይህ ወሰን በመጀመሪያ አስሊው ስም የኤዲንግተን ወሰን ይባላል። ከዋክብት ያለ ልክ ሊከብዱ የማይችሉበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

እስካሁን ከሚታወቁት እጅግ ከባድ ከዋክብት አንዱ የሆነው አር136ኤ1 የፀሐይ 200 እጥፍ የሚጠጋ ቁስ እንደሚይዝ ይገመታል። ስፋቱ ግን የፀሐይ ጥቂት አሥር እጥፍ ብቻ ነው። በቁስ ከፀሐይ 20 ጊዜ እንኳ እንደማይበልጥ የሚገመተው ቤተልጌዝ ግን በስፋት ብዙ መቶ ጊዜ ይበልጣታል። ልዩነቱን የፈጠረው ዕድሜ ነው። ቤተልጌዝ በእምብርቱ የነበረውን ሃይድሮጅን ጨርሷል፤ እምብርቱ ሲታመቅና ሲግል ውጫዊ አካሉ ሰፍቶ እጅግ የሳሳ ጋዝ ሆኗል።

ቤተልጌዝ በሳይንስ ታሪክ ውስጥም ቦታ አለው። ከፀሐይ ቀጥሎ ስፋቱ በቀጥታ የተለካ የመጀመሪያው ኮከብ ነው። እአአ በ1920 አልበርት ማይክልሰንና ፍራንሲስ ፒስ በካሊፎርኒያ ማውንት ዊልሰን ተራራ ላይ በነበረው ትልቅ ቴሌስኮፕ ጫፍ ላይ መስታወቶችን ገጥመው የኮከቡን ስፋት ለኩ። በወረቀት ላይ የነበረው የግዙፍ ከዋክብት ስሌት በመለኪያ የተረጋገጠው ያኔ ነበር።

የሚተነፍሱ ከዋክብት

በአብዛኞቹ ከዋክብት ዘንድ የስበትና የግፊት ሚዛን ጸጥ ያለ ነው። በአንዳንዶቹ ግን ትግሉ ከምድር ይታያል።

ሴፌይድ የሚባሉት ከዋክብት በቀናት ወይም በሳምንታት ልዩነት እየሰፉና እየጠበቡ ይኖራሉ። ምክንያቱን ለመረዳት በእሳት ላይ የተጣደ፣ ክዳኑ የተገጠመ ድስት ማሰብ ይረዳል። እንፋሎቱ ሲጠራቀም ክዳኑን ያነሳዋል፤ እንፋሎቱ ሲወጣ ክዳኑ ተመልሶ ይወድቃል፤ ከዚያ እንደገና ይጀምራል። በሴፌይድ ኮከብ ውስጥ የክዳኑን ሥራ የሚሠራው የሂሊየም ንጣፍ ነው። ንጣፉ ሲታመቅ ብርሃን እንዳያልፍ ይጋርዳል፤ የታገደው ሙቀት ኮከቡን ያሰፋዋል፤ ሲሰፋ ንጣፉ ብርሃኑን ይለቀዋል፤ ስበትም ኮከቡን መልሶ ይሰበስበዋል።

አሜሪካዊቷ ሄንሪታ ሌቪት እአአ በ1912 ባሳተመችው ጥናት የእነዚህ ከዋክብት ትክክለኛ ድምቀት በጨመረ ቁጥር የመስፋትና የመጥበብ ዑደታቸውም እንደሚረዝም አረጋገጠች። ዑደቱ ከታወቀ ድምቀቱ ይታወቃል፤ ድምቀቱ ከታወቀ ደግሞ ርቀቱ ይሰላል። ኤድዊን ሀብል እአአ በ1923 በአንድሮሜዳ ውስጥ ያገኘውን ሴፌይድ ተጠቅሞ አንድሮሜዳ ከእኛ ጋላክሲ ውጭ ያለ ሌላ ጋላክሲ መሆኑን አሳየ። የዩኒቨርስ ስፋት የተለካው በከዋክብት እስትንፋስ ነው ማለት ይቻላል።

የፀሐይ ነገ

ሚዛን ማለት ለውጥ የለም ማለት አይደለም። በፀሐይ እምብርት ውስጥ አራት የሃይድሮጅን አስኳሎች ተዋሕደው አንድ የሂሊየም አስኳል ይሆናሉ። በዚህም የቅንጣቶቹ ብዛት ይቀንሳል፤ የሚገፉት ሲያንሱ እምብርቱ ጥቂት በጥቂት ይታመቃል፤ ሲታመቅ ይግላል፤ ሲግል ብርሃኑ ይጨምራል። ፀሐይ ስትወለድ የነበራት ድምቀት ከዛሬው በ30 በመቶ ገደማ ያነሰ ነበር። ከአንድ ቢሊዮን ዓመት በኋላ ደግሞ ከዛሬው በ10 በመቶ ያህል ትደምቃለች፤ ይህም የምድርን ውቅያኖሶች ለማጥፋት ሊበቃ እንደሚችል ይገመታል።

ከአምስት ቢሊዮን ዓመት ገደማ በኋላ በእምብርቷ ያለው ሃይድሮጅን ያልቃል። ያን ጊዜ ስበት እምብርቷን ያለ ተቀናቃኝ ያምቀዋል፤ በዙሪያው ያለው የሃይድሮጅን ንጣፍ በኃይል ይነዳል፤ ውጫዊ አካሏም ይሰፋል። ፀሐይ የዛሬዋን 200 ጊዜ ያህል ሰፍታ ቀይ ግዙፍ ኮከብ ትሆናለች። ሜርኩሪና ቬነስ ይዋጣሉ። ምድር አብራ ትዋጣለች ወይስ ፀሐይ ቁሷን ስታፈስ እየራቀች ታመልጣለች የሚለው አሁንም ተመራማሪዎችን ያከራክራል።

በመጨረሻ ውጫዊው ጋዝ ወደ ሕዋ ይበተናል። የሚቀረው እምብርት የዛሬዋን ፀሐይ ግማሽ ያህል ቁስ ይዞ ምድርን የሚያህል ግለት ያለው አካል ይሆናል። ይህ ነጭ ድንክ ይባላል።

ሙቀት የማይፈልግ ግፊት

የሲሪየስ ተጓዳኝ ኮከብ ነጭ ድንክ ነው። ሲሪየስን የጥንት ግብፃውያን በሚገባ ያውቁት ነበር። ለሳምንታት ተሰውሮ ቆይቶ ከንጋት በፊት ዳግም ብቅ ሲል የዓባይ ሙላት መቃረቡን ያበስራቸው ነበር፤ ሙላቱ የሚመጣው በአብዛኛው በኢትዮጵያ ደጋማ ስፍራዎች ከሚጥለው የክረምት ዝናብ ነው። ተጓዳኙን ግን ማንም አላየውም። ጀርመናዊው ፍሪድሪኽ ቤሰል እአአ በ1844 ሲሪየስ በጉዞው ወዲያና ወዲህ መወዛወዙን ተመልክቶ የማይታይ ነገር እየጎተተው እንደሆነ ተናገረ። አሜሪካዊው አልቫን ግርሃም ክላርክ በ1862 ያንን ደብዛዛ ኮከብ በቴሌስኮፕ አየው።

እንቆቅልሹ የመጣው ኮከቡ ደብዛዛ ቢሆንም እጅግ ግለት ያለው መሆኑ ሲታወቅ ነው። ግለት ያለው አካል ደብዛዛ የሚሆነው ትንሽ ከሆነ ብቻ ነው። የፀሐይን ያህል ቁስ ምድርን በሚያህል ስፍራ እንዴት ሊታጨቅ ቻለ? ነዳጁ ካለቀስ ስበቱን ምን አቆመው?

መልሱን እአአ በ1926 የሰጠው ራልፍ ፋውለር ነው። በኳንተም ሕግ መሠረት ሁለት ኤሌክትሮኖች በፍጹም አንድ ዓይነት ሁኔታ ውስጥ ሊሆኑ አይችሉም። በስታዲየም ውስጥ የታችኞቹ መቀመጫዎች ሲሞሉ ዘግይቶ የመጣው ተመልካች ወደ ላይ ለመውጣት ይገደዳል። ኤሌክትሮኖችም ሲታጨቁ ዝቅተኛው ፍጥነት ስለሚያዝባቸው የቀሩት በግድ ፈጣን ይሆናሉ። ፍጥነታቸው ግፊት ይፈጥራል፤ ይህ ግፊት ሙቀት አይፈልግም። ስለዚህ ነጭ ድንክ ቢቀዘቅዝም አይደረመስም።

ከዚህ ግፊት ጋር የመጠን ሕግ ይገለበጣል። ነጭ ድንክ በከበደ መጠን ይበልጥ ያንሳል።

የመጨረሻውን ጥያቄ ያነሳው የ19 ዓመት ወጣት ነበር። ሱብራማንያን ቻንድራሴካር እአአ በ1930 ለትምህርት ከሕንድ ወደ እንግሊዝ በመርከብ ሲጓዝ ጊዜውን በስሌት አሳለፈ። ኤሌክትሮኖች ከብርሃን ፍጥነት ሊበልጡ ስለማይችሉ ግፊታቸውም ወሰን እንዳለው ተረዳ። በኋላ እንደተረጋገጠው ወሰኑ የፀሐይ 1.4 እጥፍ ገደማ ነው፤ ከዚያ በላይ የሆነን ነጭ ድንክ ኤሌክትሮኖች ከመደርመስ ሊያድኑት አይችሉም።

እአአ በጥር 1935 ሐሳቡን በለንደን ለሮያል አስትሮኖሚካል ሶሳይቲ ሲያቀርብ ታላቁ ኤዲንግተን በአደባባይ ተቃወመው። ኮከብ ያለ ገደብ እንዳይደረመስ የሚከለክል የተፈጥሮ ሕግ መኖር አለበት ሲል ተከራከረ። ከዋክብት በምን ሚዛን እንደሚቆሙ ለዓለም ያስተማረው ሰው ሚዛኑ ሊፈርስ እንደሚችል ለመቀበል አልፈቀደም። ቻንድራሴካር ርዕሱን ትቶ ወደ ሌላ ጥናት ዞረ። ዘመን ግን ፈረደለት፤ በ1983 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ።

ስበት ሲያሸንፍ

ከፀሐይ ስምንት ጊዜና ከዚያ በላይ የሚከብዱ ከዋክብት በነጭ ድንክነት አያበቁም። ሂሊየም፣ ካርቦን፣ ኦክስጅንና ሲሊከን በየተራ ይነዳሉ፤ እያንዳንዱ ደረጃም ካለፈው ያጥራል። ሃይድሮጅን ለሚሊዮኖች ዓመታት ሲበቃ ሲሊከን በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደ ብረት ተለውጦ ያልቃል። ብረት ሲዋሐድ ኃይል አይሰጥም፤ ይልቁንም ይወስዳል። ያን ጊዜ ምድርን የሚያህለው የብረት እምብርት ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይደረመሳል። ኤሌክትሮኖችና ፕሮቶኖች ተጨፍልቀው ኒውትሮን ይሆናሉ፤ ውጫዊው አካልም ሱፐርኖቫ በሚባል ፍንዳታ ይበተናል።

እአአ በየካቲት 1987 በጎረቤት ጋላክሲ የታየው ሱፐርኖቫ ይህን አረጋግጧል። ከእምብርቱ የወጡ ኒውትሪኖ የተባሉ ቅንጣቶች የፍንዳታው ብርሃን ከመታየቱ ሰዓታት ቀድመው በጃፓንና በአሜሪካ ከመሬት በታች በተተከሉ መሣሪያዎች ላይ ተመዝግበዋል።

የሚቀረው የኒውትሮን ኮከብ ነው። ከፀሐይ የሚበልጥ ቁስ ይዞ ስፋቱ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ አንድ ትልቅ ከተማን ያህላል። ከእርሱ የተወሰደ አንድ የሻይ ማንኪያ ቁስ ከአንድ ቢሊዮን ቶን በላይ ይመዝናል። እንዲህ ያለ አካል መኖሩን ቫልተር ባደና ፍሪትዝ ዝቪኪ እአአ በ1934 ገምተው ነበር፤ በ1967 ጆስሊን ቤል የመጀመሪያውን ምልክት አገኘች። የቀረው አካል ከዚህም በላይ ከከበደ የኒውትሮኖች ግፊትም አይበቃም። ኮከቡ ብርሃን እንኳ የማያመልጠው ጥቁር ጉድጓድ ይሆናል።

በዚህ ምዕራፍ ምሥራቅ አፍሪካም ድርሻ አላት። እአአ ታኅሣሥ 12 ቀን 1970 በኬንያ የማሊንዲ ጠረፍ አጠገብ በባሕር ላይ ከተተከለው ሳን ማርኮ ከተባለ የጣሊያን ማስወንጨፊያ አንዲት ሳተላይት ወደ ሕዋ ተላከች። ለኤክስሬይ የሰማይ ጥናት ብቻ የተዘጋጀች የመጀመሪያዋ ሳተላይት ነበረች። ስፍራው የተመረጠው ከምድር ወገብ አጠገብ የምድር ሽክርክሪት ለሮኬቱ ተጨማሪ ፍጥነት ስለሚሰጥ ነው። ዕለቱ የኬንያ የነጻነት ቀን ስለነበር ሳተላይቷ ኡሁሩ ተባለች፤ በስዋሂሊ ነጻነት ማለት ነው።

ጋዝ በኒውትሮን ኮከብ ወይም በጥቁር ጉድጓድ ስበት ተይዞ ሲወድቅ በሚሊዮን የሚቆጠር ዲግሪ ግሎ ኤክስሬይ ያፈነጥቃል። ኡሁሩ ይህን ጨረር ተከታትላ ከመደበኛ ከዋክብት ጋር የሚዞሩ የኒውትሮን ከዋክብት መኖራቸውን አሳየች። ሲግነስ ኤክስ-1 ስለተባለው አካል የሰጠችው መረጃም ጥቁር ጉድጓድ መሆኑን ለመለየት ረዳ። የፕሮጀክቱ መሪ ሪካርዶ ጃኮኒ በዘርፉ ላበረከተው ሥራ በ2002 የኖቤል ሽልማት ተጋርቷል።

ከዋክብት የተውልን

የስበት ድል ጥፋት ብቻ አይደለም። ከዋክብት ዕድሜያቸውን ሙሉ ስበትን ለመመከት ሲነዱ ያዘጋጁት ካርቦን፣ ኦክስጅንና ብረት በሕዋ የሚበተነው ሚዛናቸው ሲፈርስ ነው። ከዚያ ትቢያ አዳዲስ ከዋክብትና ፕላኔቶች ይፈጠራሉ። በሰው ደም ውስጥ ኦክስጅንን የሚሸከመው ብረት ፀሐይ ሳትወለድ በፊት ከኖሩ ከዋክብት የመጣ ነው።

ቀላው ቤተልጌዝም ወደዚያው እያመራ ነው። እአአ በ2019 መጨረሻና በ2020 መጀመሪያ ድምቀቱ በግልጽ ሲቀንስ ሊፈነዳ ነው የሚል ግምት ተሰምቶ ነበር። በኋላ በተደረገ ጥናት ኮከቡ ራሱ የተፋው ትቢያ ብርሃኑን እንደጋረደው ታወቀ። ፍንዳታው በሚቀጥሉት መቶ ሺህ ዓመታት ውስጥ በማንኛውም ጊዜ ሊሆን እንደሚችል ይገመታል። ሲሆን በቀን ብርሃን ጭምር ይታያል፤ ከርቀቱ የተነሣ ግን በምድር ላይ ጉዳት አያደርስም።

ፀሐይ በበኩሏ ገና በዕድሜዋ አጋማሽ ላይ ናት። በእምብርቷ የሚፈጠረው ኃይል አሥር ሺዎች፣ ምናልባትም ከመቶ ሺህ በላይ ዓመታት ወስዶ ወደ ገጽዋ ይወጣል፤ ከዚያ በስምንት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ ምድር ይደርሳል። የምድር ሕይወት የሚኖረው ይህ ኃይል መንገድ ላይ ሳለ የፀሐይን ሸክም ችሎ ስለሚያቆማት ነው።